ቁልፉ ተመለሰ፤ ስልኩስ?

በጥር 2007 ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከማሳየቱ በፊት አራት ስልኮችን ለታዳሚው ደርድሮ ነበር፤ ሞቶሮላ ኪው፣ ብላክቤሪ ፐርል፣ ፓልም ትሪዮ እና ኖኪያ ኢ62። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክሱ አጭር ነበር። የአራቱም የታችኛው ክፍል በፕላስቲክ ቁልፎች ተይዟል፤ ቁልፎቹ ቢፈለጉም ባይፈለጉም ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ አንዱን ሥራ የሚመች አደራደር ለሌላው ሥራ አይመችም። መፍትሔው ቁልፎቹን ነቅሎ ቦታውን ለስክሪን መስጠት ነው አለ።

ገበያው ለጆብስ ፈረደ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ቁልፎቹ በጓሮ በር እየተመለሱ ነው። በ2024 መጀመሪያ ክሊክስ የተባለ፣ አይፎን ላይ የሚገጠም ባለ ቁልፍ ሽፋን ብቅ አለ። ዩኒኸርትዝ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2025 ካሬ ስክሪንና ሙሉ የቁልፍ ሰሌዳ ያለውን ታይታን 2 ከገዢዎች አስቀድሞ በተሰበሰበ ገንዘብ ሠራ። ሚኒማል ፎን የተባለው ደግሞ ቁልፎቹን ከኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ በተወሰደ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ሥር አስቀመጠ። ስለ እነዚህ የሚጻፈው ሁሉ መንፈሱ አንድ ነው፦ ብላክቤሪ ከሞት ተነሣ።

እኔ አይመስለኝም። የተነሡት ቁልፎቹ ናቸው። ብላክቤሪ የሚባለው ስልክ ግን ከቁልፎቹ በላይ ነበር፤ ቁልፎቹ ከላይ የሚታዩት የአንድ ረጅም ሰንሰለት ጫፍ ብቻ ነበሩ።

ከዱባይ በዘመድ የመጣልኝን ቦልድ 9000 የተባለ ብላክቤሪ ጥቂት ዓመታት ተጠቅሜበታለሁና ስለ እርሱ ስናገር ፍጹም ገለልተኛ ነኝ አልልም። ጀርባው ቆዳ በሚመስል ነገር የተሸፈነ፣ 15 ሚሊሜትር ውፍረት የነበረው፣ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ሲገባ ሸሚዙን ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ስልክ ነበር። አማርኛ የምጽፍበት እንደ ጊዜው ሰው ሁሉ በላቲን ፊደል ነበር። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአውራ ጣት ነው። የብላክቤሪ ሠሪ የሆነው ሪሰርች ኢን ሞሽን በ1984 በካናዳዋ ዋተርሉ ከተማ ሲመሠረት ስልክ የመሥራት ሐሳብ አልነበረውም፤ በ1990ዎቹ ይሠራ የነበረው መልእክት መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክም የሚችል ፔጀር ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክ ላዛሪዲስ በ1997 አንድ የሚገርም ጥያቄ በማስታወሻው አሰፈረ፦ ትንሽ የቁልፍ ሰሌዳ ከትልቅ የሚሻለው መቼ ነው? ተወዳዳሪዎቹ የኮምፒውተርን ሰሌዳ እንዳለ ለማሳነስ ይታገሉ ነበር፤ ውጤቱም ዐሥር ጣት የማያስተናግድ፣ ለሁለት ጣትም የማይመች ነገር ሆነ። ላዛሪዲስ ዐሥሩን ጣት ተዋቸው። መሣሪያው በስምንቱ ጣቶች ከተያዘ ነፃ የሚሆኑት ሁለቱ አውራ ጣቶች ናቸው፤ ሰሌዳው ለእነርሱ ብቻ ከተሠራ ትንሽነቱ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይሆንም፤ አውራ ጣት ሳይዘረጋና ሳይነሣ ከጫፍ ጫፍ ይደርሳልና። በ1999 የወጣውና የብላክቤሪን ስም የተሸከመው የመጀመሪያው መሣሪያ፣ 850፣ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው። ስሙም ከእነዚሁ ቁልፎች መጣ፤ ለስም አውጪዎቹ ቁልፎቹ የእንጆሪ ዘመድ የሆነችውን ጥቁር ፍሬ ጥቃቅን አንጓዎች መሰሏቸው።

ቁልፎቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው ጠፍጣፋ አልነበሩም። በቦልድ 9000 ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ተቀርጿል፤ ግራና ቀኝ ያሉት እንደ አውራ ጣቱ አመጣጥ ያጋደሉ ናቸው። ቁልፎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ሳለ ጣት ሁለቱን በአንድ ጊዜ የማይጫነው በዚህ ቅርጽ ምክንያት ነው፤ ከፍ ያለው ጠርዝ የጣቱን ሥጋ ቀድሞ ይገናኘዋል፣ ዝቅ ያለው የጎረቤቱ ጠርዝ ያመልጠዋል። በረድፎቹ መካከል ደግሞ የጊታር አንገት ላይ እንዳሉት ያሉ ቀጫጭን የብረት መስመሮች ተዘርግተዋል። ለጌጥ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ጣት ዓይንን ሳይጠይቅ የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ ማሳወቅ ነው።

መስታወት ይህን አያደርግም። ለጣት የሚመልሰው ምንም ስሜት ስለሌለ ስሕተትን ከመሠራቱ በፊት ሊከለክል አይችልም፤ የሚችለው ከተሠራ በኋላ ማረም ነው። ስለዚህ የንክኪ ስልክ ሁሉ ከጀርባው ቃል የሚገምት ፕሮግራም ይዞ ይዞራል። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ግምት በጣም ስለተሻሻለ የቁልፉ ብልጫ እየሟሟ ሄዷል። ለሌሎች ቋንቋዎች ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ከቁልፉ ቀጥሎ ያለው የሰንሰለቱ ቀለበት አቋራጭ ነው፤ ሰዎች ብላክቤሪን ሲያስታውሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘሉትም ይህንን ነው። ኢሜይል ተከፍቶ ሳለ «አር»ን መጫን መልስ ይከፍታል፣ «ኤል» ለሁሉም ይመልሳል፣ «ኤፍ» ለሌላ ያስተላልፋል። በዝርዝሩ ላይ «ቲ» ወደ ላይኛው ጫፍ፣ «ቢ» ወደ ታችኛው ይወስዳል፤ «ዩ» ያልተነበበውን ይፈልጋል። የኢሜይል አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ የክፍተት ቁልፉ ራሱ መጀመሪያ ወደ «አት» ምልክት፣ ቀጥሎ ወደ ነጥብ ይለወጣል፤ አድራሻ ውስጥ ክፍተት እንደሌለ ስልኩ ያውቃልና። ክፍተትን ሁለት ጊዜ መጫን ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋል። ፊደልን ጫን አድርጎ ማቆየት ትልቁን ፊደል ያወጣል። ወገብ ላይ የሚታሰረው የቆዳ ማኅደር እንኳ ማግኔት ነበረው፤ ስልኩ ማኅደሩ ውስጥ መግባቱን ለይቶ ስክሪኑን ያጠፋል፣ የጥሪውንም ዓይነት ይቀይራል። ስልኩ ሲወጣ መልእክቱ ቀድሞ ተከፍቶ ይጠብቃል።

ጠቋሚውም እንዲሁ ታስቦበታል። መጀመሪያ በጎን የሚሽከረከር መዘውር ነበር፤ በ2006 ፐርል ላይ ወደ ትንሽ ኳስ ተለወጠ፤ ኳሷ አቧራ እየሰበሰበች ብዙዎችን ካማረረች በኋላ ከ2009 ጀምሮ የጣትን እንቅስቃሴ በብርሃን በሚያነብ ትንሽ ሰሌዳ ተተካች። የሦስቱም ጥቅም አንድ ነው፤ በሁለት ፊደላት መካከል ለመግባት የሚፈልግ ሰው ጽሑፉን በጣቱ አይሸፍነውም። ዛሬ ስክሪን ላይ አንዲት ፊደል ለማረም ጣቱን እያነሣና እየጣለ የሚበሳጭ ሰው ምን እንደጎደለው ያውቃል።

ሦስተኛው ቀለበት አይታይም፤ መረቡ ነው። በዚያን ጊዜ ሌላው ስልክ ኢሜይል ለማወቅ በየጥቂት ደቂቃው ሰርቨሩን እየሄደ መጠየቅ ነበረበት፤ ይህም ባትሪ ይበላል፣ ገንዘብም ያስከፍላል። ብላክቤሪ ይህን ገለበጠው። የድርጅቱ ሰርቨር ደብዳቤው ሲደርሰው ጨምቆና መስጥሮ በካናዳው ኩባንያ ማዕከል በኩል ወደ ስልኩ ይገፋዋል። ስልኩ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቀደምቶቹ መሣሪያዎች በአንድ ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለሳምንታት የሚቆዩት በዚህ ዝምታ ነበር።

የምስጢሩ ቁልፍ የሚቀመጠው በደንበኛው ድርጅት እጅ ስለነበረ አምራቹ እንኳ መልእክቱን መክፈት እንደማይችል ይናገር ነበር። ባንኮችና መንግሥታት የወደዱት ይህንን ነው። ሌሎች መንግሥታት የጠሉትም ይህንኑ ነው። በነሐሴ 2010 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አገልግሎቱን ከጥቅምት 11 ጀምሮ አቋርጣለሁ ስትል ሳዑዲ ዓረቢያም ተከተለች፤ ሁለቱም ዘንድ ጉዳዩ በስምምነት ረገበ። በባሕረ ሰላጤው ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችን ያንን ሰሞን ያስታውሱታል፤ የብላክቤሪ የመልእክት አገልግሎት፣ ቢቢኤም፣ በዚያ አካባቢ ከቢሮ ወጥቶ የወጣቶች መጨዋወቻ ሆኖ ነበርና።

መረቡ አንድ ማዕከል ስለነበረው ጥንካሬውም ድክመቱም ከአንድ ቦታ ይመነጫል። በጥቅምት 2011 አንድ ዋና ማስተላለፊያ መሣሪያ ተበላሸ፤ ተጠባባቂውም ቦታውን ሳይተካ ቀረ። አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ጸጥ አሉ፤ ችግሩ በቀናት ውስጥ አሜሪካንም አዳረሰ። ስልኮቹ ምንም አልሆኑም ነበር። ቁልፎቹም በሙሉ ይሠሩ ነበር።

ሦስቱ ቀለበቶች ሲገናኙ የሚሠሩት ሥራ እጅግ ጠባብ ነው። ስልኩ ይርገበገባል፣ ቀይ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ባለቤቱ ከማኅደሩ ያወጣዋል፣ ያነባል፣ «አር» ይላል፣ ሁለት መስመር ይጽፋል፣ ይልካል፣ ይመልሰዋል። ይኸው ነው። ፎቶግራፍ የማንሣት ችሎታው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ የኢንተርኔት ገጽ ሲከፍት ደግሞ ቡና አፍልቶ መጠበቅ ይቻል ነበር። የሥራ ስልክ የሚባለው እንዲህ ለመልስ መስጠት ብቻ የታነጸ ዕቃ ነው፤ በሌላው ሁሉ ደካማ መሆኑን ሠሪዎቹም ገዢዎቹም አውቀው ተቀብለውት ነበር።

ያ ስምምነት ሲፈርስ ንድፉ መንገዳገድ ጀመረ። በ2011 የወጣው ቦልድ 9900 ብዙዎች እስከ ዛሬ ከተሠሩት የስልክ ቁልፎች ሁሉ ምርጡ የሚሉትን ሰሌዳ ይዞ ነበር፤ በዚያ ላይ 2.8 ኢንች የንክኪ ስክሪን ተጨመረለት፣ ውፍረቱም ወደ 10.5 ሚሊሜትር ወረደ። ዋጋውን የከፈለው ባትሪው ነው፦ 9000 የነበረው 1500 ሚሊአምፔር ሰዓት ወደ 1230 ዝቅ አለ። ቀኑን ሙሉ መልስ ለመስጠት የተሠራ ስልክ ከሰዓት በኋላ ባትሪ መሙያ መፈለግ ጀመረ። እንደ አይፎን ለመቅጠን ሲል የራሱን ሥራ ካደ ማለት ይቻላል።

እኔ ይበልጥ የማከብረው በ2014 የወጣውን ፓስፖርት የተባለውን ብላክቤሪ ነው። አስቀያሚ ነው የሚሉት አሉ፤ ስፋቱ 9 ሴንቲሜትር ስለሚጠጋ በአንድ እጅ መያዙ ሥራ ነው። ነገር ግን ስለ ሥራው የተጨነቀ ሰው እንደሠራው ያስታውቃል። ስክሪኑ 4.5 ኢንች ካሬ ሲሆን በየአቅጣጫው 1440 ፒክስል አለው። ካሬ የሆነውም በአንድ መስመር 60 ያህል ፊደል እንዲይዝ ነው፤ ይህም በመጽሐፍ ገጽ ላይ ለዓይን ይመቻል ወደሚባለው ልክ የተጠጋ ሲሆን ተራው ስልክ 40 ያህል ብቻ ይይዛል። ደብዳቤን፣ ውልን፣ የሒሳብ ሠንጠረዥን ለሚያነብ ሰው ከርዝመት ይልቅ ስፋት ይጠቅማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ቁልፎቹ ራሳቸው ንክኪ ይሰማቸው ነበር፤ ጣትን ሳይጫኑ በላያቸው ላይ በማንሸራተት ገጹን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ይህችን ነጥብ አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ይነገራል። ኩባንያው በ2016 ስልክ መንደፍ አቆመ፤ ስሙን የተከራየው ቲሲኤል በ2017 ኪዋን፣ በ2018 ኪቱ የተባሉትን በአንድሮይድ የሚሠሩ ስልኮች አወጣ። ኪዋን ላይ የጣት አሻራ ማንበቢያው በክፍተት ቁልፉ ውስጥ ገብቷል፤ ሃያ ስድስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በአጭርና በረጅም ጭነት ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 52 አቋራጭ ይይዛሉ። ውሉ በነሐሴ 2020 አበቃ። ጥር 4 ቀን 2022 ደግሞ የድሮዎቹን ብላክቤሪዎች የሚያገለግለው ማዕከል ተዘጋ። ቁልፎቻቸው ዛሬም ደህና ናቸው።

አሁን ወደ አዲሶቹ እንመለስ። ክሊክስ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የስክሪኑን ግማሽ ይሸፍን የነበረውን የንክኪ ሰሌዳ ያስወግዳል፣ ገጹ ሙሉ ይሆናል። ችግሩ ሚዛን ነው። በአሮጌዎቹ ስልኮች ቁልፎቹ የአካሉ ክፍል ስለነበሩ ክብደቱ መዳፍ ውስጥ ያርፋል። ሽፋኑ ግን ሰሌዳውን ከስልኩ በታች ስለሚቀጥል፣ ከባዱ ስልክ ከአውራ ጣቶቹ በላይ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ ይጎትታል። ሐሳቡ አዲስም አይደለም። ታይፖ የተባለ ኩባንያ ተመሳሳይ ሽፋን ሲያወጣ ብላክቤሪ የቁልፎቼን ንድፍ ሰረቀኝ ብሎ ከሶት በ2014 የሽያጭ እግድ አስጥሎበታል። ገበያ ላይ የተሸነፈው ቁልፍ ፍርድ ቤት አሸነፈ።

ታይታን 2 የፓስፖርትን ስክሪን በልኩ ወስዶታል፤ 4.5 ኢንች፣ 1440 በ1440። በውስጡ ያለው ማኅደረ ትውስታ ደግሞ የድሮው ስልክ በሕልሙም የማያየው ነው። የሚያሳስበኝ የሚጫኑበት መተግበሪያዎች ናቸው። ዛሬ የባንክም ሆነ የታክሲ መተግበሪያ የሚነደፈው ቀጭንና ረጅም ስክሪን ታስቦ ነው፤ ካሬ ላይ ሲዘረጋ «ቀጥል» የሚለው አዝራር ከገጹ በታች ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

ዋናው ችግር ግን ከስክሪኑም ከሚዛኑም አይመጣም። መልእክትን መግፋት ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ የትኛውም ርካሽ ስልክ ያደርገዋል። መልእክቱ ያለው ግን በኢሜይል ብቻ ሳይሆን በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ፣ በሌላም በሌላም ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ባለቤት አለው፤ አንዱም ስለ ቁልፍ አላሰበም። አንድ ሰው የቴሌግራም መልእክት አንብቦ «አር»ን ቢጫን መልስ መክፈቻ ሳይሆን የ«አር» ፊደል ይሆንበታል። ብላክቤሪ ላይ አቋራጮቹ የሠሩት ቁልፉን፣ ፕሮግራሙንና መረቡን የሠራው እጅ አንድ ስለነበረ ነው። ያ እጅ ከሌለ ቁልፉ ፊደል መትከያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለት መስመር ለመጻፍ ደግሞ መስታወቱ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚረዝመው ሰዉ ድምፁን ቀርጾ መላክ ለምዷል።

ስለዚህ የሚገዛው ማን ነው? ብዙ የሚጽፍ ሰው፣ ስክሪኑን ሳያይ መጻፍ የሚሻ ሰው፣ ስልኩ ከመጻፊያነት በቀር ሌላ ፈተና እንዳይሆንበት የሚመኝ ሰው። ጥቂቶች ናቸው፤ ትንንሽ ኩባንያዎችን ግን ያኖራሉ። የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ቁልፉ ሳይሆን የደኅንነት ማሻሻያው ለስንት ዓመት እንደሚላክለት ነው።

አማርኛ ለምንጽፈው ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። ይህ ጣጣ የጀመረው በስልክ አይደለም። ከኢንጂነር አያና ብሩ ዘመን ጀምሮ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያሠቃየው ይኸው ነው፤ ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። ስለዚህ ቁልፎች ከቦታቸው አይነቃነቁም የሚለው የጆብስ ክስ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በግዕዝ ፊደል ላይ እውነት ነው። የንክኪ ሰሌዳ «ለ»ን ሲነኩት ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ ብሎ ይዘረጋል፤ ፕላስቲክ ይህን አይችልም። ብላክቤሪዎች የዓረብኛ፣ የዕብራይስጥ፣ የሩስያ ፊደል ታትሞባቸው ወጥተዋል። የግዕዝ ፊደል የታተመበት ግን አይቼ አላውቅም።

ያም ሆኖ ስሌቱ የሚመስለውን ያህል መስታወቱን አይደግፍም። «ሰላም»ን በላቲን ቁልፎች በድምፅ ለመጻፍ አምስት ጭነት ይፈጃል። በንክኪ ሰሌዳም «ሰ» አንድ፣ «ላ» ሁለት፣ «ም» ሁለት፣ ያው አምስት ነው። በዚያ ላይ ቃል ገማቹ ፕሮግራም አማርኛ ላይ ደካማ ነው፤ «አልመጣችሁልኝም» ብሎ በአንድ ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚናገር ቋንቋ፣ በቃላት ዝርዝር ለሚገምት ፕሮግራም አይመችም። ግምት ሲደክም ስሕተትን ጣት ላይ የሚከለክለው ቁልፍ ዋጋው ይወጣል። መሰናክሉ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ወንድሞቻቸው ናቸው፤ ለእነርሱ ሁልጊዜ ተጨማሪ ቁልፍ መያዝ ግድ ነው።

ንክኪ የሚሰማቸውን የፓስፖርት ቁልፎች ያዝ አድርጉልኝ ያልሁት ለዚህ ነው። ፊደሎቻችን ሰባት መልክ አላቸው። ቁልፉን ብቻ መጫን ሳድሱን ቢያወጣ፣ በጽሑፍ ውስጥ ብዙ የሚመላለሰው እርሱ ነውና፤ ተጭኖ ወደ ላይ ማንሸራተት ራብዑን፣ ወደ ታች ግዕዙን፣ ወደ ቀኝ ካዕቡን፣ ወደ ግራ ሣልሱን ቢሰጥ፤ ኃምሱና ሳብዑ ደግሞ ወደ ማዕዘን ቢታጠፉ፣ አንድ ፊደል አንድ እንቅስቃሴ ይሆናል። ጠባብ ቁልፍ ላይ ማዕዘኖቹ አውራ ጣትን ያስቸግሩት ይሆናል፤ አራቱ አቅጣጫዎች ግን አያስቸግሩም። ተመሳሳይ ስልት በስክሪን ሰሌዳዎች ላይ አለ። በእውነተኛ ቁልፍ ላይ ለማድረግ የሚያስፈልገው ዕቃ ከ2014 ጀምሮ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ የቀረው ፕሮግራሙን የሚጽፍ ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ «ሰላም» ሦስት ንክኪ ነው።